የአደጋ መዝገብ፣ ገጽ አርባ አንድ

መዝገቡ አረንጓዴ ነው፣ ጠርዙ ሻይ የጠጣ፤
ከመሳቢያ የሚወጣው ሰው እየደማ ሲመጣ።
ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፣ ኔሪስ፣ የዲልዊን ሚስት፤
ሁለት የጭነት መኪና፣ ሠራተኛ አምስት።
ስዋንሲ ላይ፣ ባሕሩን ቁልቁል በሚያይ ሰፈር፣
ሰው ሞቶ፣ ወይም ታክቶ፣ የተወውን አጥር፣
የበቀለውን መንጥረን፣ የተጣለውን ጭነን
ወደ መጣያ እንወስዳለን፤ ይኸው ነው ሥራችን።

መዝገቡ ወሬ አይወድም።
ስም፦ ዬስቲን። ዕድሜ፦ አሥራ ዘጠኝ።
ሰዓት፦ ለአምስት ሩብ ጉዳይ።
ቦታ፦ ኮረብታው ላይ፣ የመበለቷ ጓሮ።
የተጎዳ አካል፦ ቀኝ መዳፍ፣ ከአውራ ጣት በታች።
ጉዳት፦ መርፌ። የማን እንደሆነ ያልታወቀ።

ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ለእኛ አገር ብርቅ ነው።
ልጁ ጓንቱን አውልቆ ከኋላ ኪሱ ሰካው።
የጓንቱ ጣቶች ወጥተው ከኪሱ ሲወዛወዙ
ሸኝተው የሚቀሩ ይመስላሉ፣ አብረው እየተጓዙ።
ዲልዊን አይቶታል። "ልበሰው" ብሎታል፣ ሁለቴ።
"እሺ" አለ ልጁም፣ "ትንሽ አየር ያግኝ መዳፌ፣ በሞቴ።"

ጥቁሩ ከረጢት ከእሾሁ ሥር ለዓመታት ተኝቶ፣
ማን እንደጣለው እንጃ፣ በአጥር ተወርውሮ ገብቶ።
ከረጢት በአንገቱ ይያዛል፣ ከሰውነት ይራቃል፤
በእጅ አይጠቀጠቅም፤ ይህን ማንም ያውቃል።
ዬስቲንም ያውቃል። መኪናው ግን ሞልቶ ነበር፤
ቦታ እንዲለቅ ተጫነው፣ አንዴ ብቻ፣ ከወደ ዳር።

አልጮኸም።
ዝንብ የነከሰው ይመስል እጁን አየና
እንደ ሕፃን ወደ አፉ ወሰደው።
"አትምጠጠው!"
የዲልዊን ጉልበት ደረጃ አይወጣም፤ ያን ቀን ግን ሮጧል።
የጓሮውን ቧንቧ ከፍቶ፣ የልጁን እጅ ከሥሩ ይዞ፣
ደሙ በራሱ እስኪወርድ፣ ሳይጨምቀው፣ ሳያሸው፣
በሳሙና፣ ደግሞ በሳሙና፣
ቃል ሳይናገር።

ሐኪሟ "ዕድሉ ትንሽ ነው" አለች።
"ትንሽ ማለት ዜሮ ማለት አይደለም።"
ክትባት ወጋችው፣ ደም ቀዳች፣ ቀጠሮ ሰጠች፤
የመጨረሻው ምርመራ ከስድስት ወር በኋላ።

ለስድስት ወር መስመር የለም መዝገቡ ላይ።
በማግስቱ የራሱን ኩባያ አመጣ፣ ስሙን በፕላስተር ለጥፎ፤
ራሱ ያጥበዋል፣ ያስቀምጠዋል ከመስኮቱ ደፍ ደግፎ።
ማንም አላዘዘውም።
በኩባያ እንደማይተላለፍ ሐኪሟ ነግራዋለች።
ታናሽ እህቱ ሮጣ ስታቅፈው፣ አለችኝ እናቱ፣
እንደተማረከ ወታደር ሽቅብ ይሰቀላል ክንዱ።

ምክንያት፣ ይላል መዝገቡ።
"ጓንት አለመልበስ" ብዬ ጽፌአለሁ። እውነት ነው።
ነገር ግን ዲልዊን ሦስተኛውን "ልበሰው" ሊል አፉን ሲከፍት
ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ።
የደወልኩት እኔ ነኝ።
"ስንት ከረጢት ቀራችሁ? የከሰዓቷ ደንበኛ እየጠየቀች ነው።"
እሱም ወደ ልጁ ዞሮ "ስንት ቀረ?" አለ።
"ፍጠኑ" አላልኩም።
ስንት ቀራችሁ ነው ያልኩት።
ላቡ ዓይኑ የገባ ሰው ግን "ስንት ቀረህ" ሲሉት
ምን እንደሚሰማ አላጣውም፤ ከዲልዊን ጋር ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ።

ደብዳቤው በጥር መጣ። ነጭ፣ ቀጭን።
ንጹሕ ነው ይላል።
ዬስቲን አነበበ፣ አጠፈ፣ ከኋላ ኪሱ ከተተ።
ሻይ ሲደርስ ፕላስተሩን በጥፍሩ ልጦ
ኩባያውን ከሌሎቹ መሐል አስቀመጠ።
ማን በየትኛው እንደጠጣ አላውቅም፤
ሁሉንም ባንድ ውኃ አጠብኩ።

ማታ ገጽ አርባ አንድን ገለጥኩ፣
በኅዳጉ ላይ፣ ፊደሌን አሳንሼ፦
"ለአምስት ሃያ ጉዳይ። ስልክ። ከቢሮ። ኔሪስ።"
ቀለሙ አልደረቀም ነበር፤
መዝገቡን ሳልዘጋው መብራቱን አጠፋሁ።