ያለ ድምፅ

ለሮቶ ያልነው ገንዘብ፣ የዕቁባችን ብር፣
አርባ ሦስት ኢንች ሆኖ፣ ኮዬ ፈጬ ሰፈር፣
አራተኛ ፎቅ ወጣ በሁለት ሰው ትከሻ፤
ውሃው በጀሪካን ነው እስከ ወር መጨረሻ።

እኔ ሒሳብ አይቀረኝም፦ ዲሹ፣ ሪሲቨሩ፣
የቆጣሪው ካርድ በየወሩ በየወሩ፣
ዲሹን ያዞረው ልጅ ለሻይ የተቀበለው፣
ሁሉም ተጽፎ አለ፣ ካላንደሩ ጀርባ ነው።

ግን ማን አየው?
ስንዱ ጀርባ ሰጥታው ሽንኩርት ስትከትፍ፣
እኔ ከቃሊቲ፣ ከሦስት ታክሲ ሰልፍ፣
ጫማዬን ሳልፈታ ይወስደኛል እንቅልፍ።

ማዶ ያላለቀው ሕንጻ ዘበኛ፣ ጋሽ ሁንዴ፣
ጠዋት መንገድ ላይ ያዘኝ፣ ልክ እንደ ዘመዴ፦
«ያቺ ልጅ» አለኝ፣ «ባለ ፂሙን ጥላው ሄደች፤
ማታ ወረቀት ደርሷት በእንባ ታጠበች፤
የእናቷን መሬት ነው የሸጠባት ለካ፣
ካሳውን በላባት፣ እሷ እጇ ሳይነካ።»

መጋረጃ የለንም፤ ከማዶ ፎቅ ላይ ሆኖ
ያያል እስኪነጋ፣ ድምፁ መሀል ላይ ባክኖ።

እሑድ ቁጭ ብዬ ከነድምፁ አየሁት።
መሬት የሚባል የለም፤ እናትም አላገኘሁበት።
ሴትዮዋ ያለቀሰችው ለጠፋ ቀለበት።

«ጋሽ ሁንዴ፣ እዚህ ሰፈር ምን ነበር ድሮ?»
ብሎካችንን በአገጩ አሳየኝ።
«ጤፍ። ወዲያ ሽምብራ፤ የእናቴ ጓሮ።»

ካላንደሩን ገልብጬ ሒሳቡን አልደመርኩም፤
ስንዱ «ሸጠን ሮቶ እንግዛ» ስትል፣
እሺም እንቢም አላልኩም፤
ብሎኑን አላልቼ፣ ፊቱን ወደ መስኮት፣
አንድ ጣት ያህል፣
አዞርኩት።