ከሰል ያልነካው

ራምላ፤ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት።
የእቶኑ ሆድ ይዞራል፣ እንደ ታመመ ከብት፤
እኔ ቆሜያለሁ፣ ዓይኔን ደቅኜ
ከጠቆረች መስታወት፣ የነበልባሉን ቀለም ላነብ፦
ብጫ ነው? ነጭ ነው? ወደ ቀይ ቀረብ?
በዚህች ቀዳዳ ሃያ ስድስት ዓመት
ቅንድቤ ሁለቴ ነደደ፣ ሁለቴ በቀለ።
ራሰ በራነቴ ግን የራሴ ነው።

አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፣ ወገራ ማዶ፤
ወናፉ የፍየል ሌጦ፣ መስፉ የወንዝ ድንጋይ።
በቀን ማረሻ ሊያሠራ የመጣው ጎረቤት
ሲመሽ በደጃችን አያልፍም፤
«ጅብ ይሆናሉ» ብሎ፣ «ሰው ይበላሉ» ብሎ።
አባቴ ሰው አልበላም።
አባቴ የበላው ዛፍ ነው።
ወይራውን በላ፣ ጥዱን በላ፣ ከዚያ ቁጥቋጦውን፤
ጉድጓድ ውስጥ አፍኖ፣ ከሰል አድርጎ፣
አንድ ጋራ ልብሱን አወለቀ፣ አገሩ ሁሉ ይረስ ብሎ።
በሐሰት ከሰሱን እንጂ
በከሰል ማንም አልከሰሰን።

እኔም ከእሱ አልተሻልኩ፤
በመርከብ የመጣ ጥቁር ዱቄት ነው የማበላው።
ደግሞስ ድንጋይዋ! ስሟን አድምጡ፤ ኖራ።
የዛጎል አጥንት ናት፣ ከባሕር በታች ኖራ፣
ኖራ፣ ሞታ፣ ተጭና፣ ተራራ ሆና፣
እስትንፋሷን ጉሮሮዋ ላይ ይዛ
እኛ እስክንጠብሳት ቆየች።
ይህን ያስረዳችኝ ልጄ ሊያት ናት፦
«አባ፣ እሳቱን በፀሐይ ብትለውጡት፣ በኤሌክትሪክ ብትለውጡት፣
ድንጋይዋ የራሷን መተንፈሷ አይቀርም።
እሱን በቧንቧ ይዘን ምድር ካልቀበርነው
ግማሹን እንኳ አልታጠብንም።»
«ሳሙናው የት ይሸጣል?» አልኳት።
አልሳቀችም።

ባለፈው ዓርብ ከቤር ሸባ መጣች፣
ከምትሠራበት ቤተ ሙከራ፣
በወረቀት የጠቀለለችውን፣ ባቄላ የሚያህል፣
መዳፌ ላይ አስቀመጠች።
«ብረት ነው። ከሰል አልነካውም።»
«ታዲያ ማን ከአፈሩ ለየው?»
«ሃይድሮጅን።»
«ጭሱስ?»
«ጭስ የለውም አባ። የወጣው ውሃ ነው።»

ውሃ።
ከብረት ውሃ የሚወጣ ሲዝግ ይመስለኝ ነበር፣
ወይ ከሠሪው ግንባር።

ሰንበት ሳይገባ ከአልጋ ሥር
የአባቴን መዶሻ ጎተትኩ፤ ራሱን ብቻ፤
እጀታውን ሱዳን ላይ አንድደነዋል፣
ለታናሽ ወንድሜ፣ ብርድ ብርድ ላለው ሌሊት።
በጡጫዬ ጨብጬ በረንዳው ላይ መታሁ። አንዴ።
ተለጠጠ፤ አልተሰነጠቀም።
ሁለቴ። ፎቅ ያለችው ሱልጣና በመስኮት
«ሰንበት ገባ!» ብላ ጮኸች፤
ሦስተኛውን እጄ ላይ አስቀረሁት።
አሸተትኩ፤ አባቴን አይሸትም።
ምንም አይሸትም፣ እንደ ታጠበ ብርጭቆ።
ድምፁ ግን፣ ድምፁ ያው ነው፤
ወገራ ማዶ በቀትር የሚሰማው፣
ሰዎች ሲሰሙት ልጆቻቸውን የሚጠሩበት።
ሊያት ወደ ጓሮው ዞራ ነበር፣
ዓይኔን እንዳታይ ወይም ዓይኗን እንዳላይ።

እሑድ ማታ ወደ ሥራ ስገባ
የበሩ መፈተሻ ጮኸ።
«ኪስህ ውስጥ ምንድን ነው?» አለ ጥበቃው ናዊፍ።
«ብረት።»
«የምን ብረት?»
ዕብራይስጤ እስከዚያ አይደርስም፣
አማርኛዬም ሊደርስ አልቻለም።
«ያለቀሰ» አልኩት።
ሳቀና አሳለፈኝ።

ጭስ ማውጫው እንደ ትናንቱ ያጨሳል፤
ዱቄቱ እንደ ትናንቱ ይወርዳል።
ጎንበስ ብዬ በቀዳዳዋ አየሁ፣
አንድ እጄ ኪሴ ውስጥ፦
ብጫ ነው።
ገና ብጫ ነው።