በፊደል ሒሳብ

ከገፈርሳ ግድብ ወረድ ብሎ፣ በስተግራ፣
የቅዳሜ ገበያው ተነስቶ በሄደበት ስፍራ፣
አንድ ድንጋይ አለ፣
የእጄ ሥራ።

ቁመቱ ሁለት ክንድ ተኩል፣ ወርዱ ከበር ያንሳል፤
ዝናብ ሲመታው ይጠቁራል፣ ሲያባራ ይመለሳል።
ልጆች ፍየል ያስሩበታል።
ዘበኛው ጋሽ ኩምሳ «ፍቱ!» ይላል፤ ደግሞ ይረሳል።

ስልሳ ዘጠኝ ላይ ነው፤ የጦርነቱ ስም ገና ሳይለመድ፣
ሬዲዮው ሳይጎረንን፣ መዝሙሩ ሳይወለድ፣
የፊተኞቹ ሄዱ፤
ማታ እንደሚመለስ ሰው፣ ለአጨዳ እንደሚነጉድ።

ታጠቅ ሜዳ ላይ ዱላ ተሸክመው ሮጡ፤
ጠመንጃው የመጣ ለታ ወደ ሐረር ወጡ።
ኋላ የዘመቱት ሜዳሊያ አጠለቁ፣
ጡረታ በሉ፣ ልጅ ዳሩ፣ ስለ ጉልበታቸው ቁርጥማት አወጉ።
ከፊተኞቹ የመጣው ወረቀት ነው፣ በካርቦን የተጻፈ፣
ሦስተኛው ቅጂ፣
ሰማያዊው ግማሹ ደብዝዞ፣ ግማሹ የረገፈ።

ስምንት ዓመት ቆይቶ የእድሩ ኮሚቴ ጠራኝ።
ሊቀመንበሩ አቶ ዘርጋው መነጽሩን አውልቆ አየኝ።
«በፊደል ስንት ነው?»
«ስሙኒ። በወርቅ ቀለም ከሆነ ሃምሳ» አልኩኝ።
ጣቱን ቆጠረ። «እንግዲያ ያባት ስም ይበቃል፤
አያት ከጨመርንበት ገንዘቡ ያልቃል።»

እርሳስ አነሳሁ። ዋቅጅራን ሰረዝኩ፣ ሰንበቶን ሰረዝኩ፣
ቶሎሳን፣ እሸቴን፣ ሌላም ሌላም ሰረዝኩ፤
ሰባ ሰባት ብሩን ወደ ሃምሳ አራት አወረድኩ።

ዘርጋው ከጀርባዬ ቆሞ «ይኸ ሁለቴ ተጽፏል» አለኝ፣
«ለማ ጉርሙ፣ ለማ ጉርሙ። አንዱን አትርፍልኝ።»
አተረፍኩለት።
አምስት ፊደል ነው፤ ብር ከስሙኒ ቀነስኩለት።

የምርቃቱ ቀን ድንጋዩ አቡጀዲ ለብሶ ዋለ።
አንድ ጓድ ተናገረ፤ ነፋሱ ግማሹን ወሰደው፣ ሰው ግማሹን ሰማ፣ «አሜን» አለ።
ከዚያ ተበተነ።
ሁለት ሴቶች ቀሩ። አንዷ ከመናገሻ በእግሯ የመጣች።
ማንበብ አይችሉም። ዲያቆኑ የድንቄን እጅ ይዞ ድንጋዩ ላይ አኖረ፤
የየሽመቤትን እጅ ይዞ
እዚያው ላይ ደገመ፤ ሌላ መስመር አልነበረ።

«ይኸማ የኔ ነው።»
«የኔ ለማ ነው» አለች የሽመቤት፣ እጇን ሳታነሳ።
«ያንቺው ግራኝ ነበር?»
«ኧረ የለም። ቀኝ ነው፤ ቃል የሚይዘው፣ ሲናገር የሚያነሳ የሚረሳ።»
«የኔው ግራኝ ነው። ማጭድ ከሆለታ አሠርቼለት ነበረ።»
«አሁን የት አለ?»
«ማጭዱ? ጎረቤት ተውሶት ቀረ።»

አልከሰሱም። አልጮሁም። ቦታ እንደሚለቅ ሰው፣ አንዷ ጣቷን ወደ «ለ» አሸሸች፣
አንዷ ወደ «ሙ»፤
እስኪመሽ ተቀመጡ፣
አምስት ፊደል ተካፍለው፣ ሳይጣሉ፣ ሳይስማሙ።

እኔ ባሕር ዛፍ ተገን አድርጌ፣ መሮዬ ከረጢቴ ውስጥ፣
ልውጣ ብዬ አፈርኩ።
ሰኞ ማለዳ፣ ጤዛው ሳይደርቅ ተመለስኩ፤
ከስሙ ጎን፣ ጠበብ አድርጌ፣ ፪ ቀረጽኩ።

ዘርጋው አየው። «ይኸ ደግሞ ምንድነው? ማን ይከፍላል?»
«ፊደል አይደለም» አልኩት፣ «አኃዝ ነው።
አኃዝ ሒሳብ የለውም።»
ዝም አለ። መነጽሩን ጠረገ። ሲጠርግ ቆየ፤ ጉም አልነበረም።

ዘንድሮ መንገዱ ሊሰፋ ነው አሉ።
አጥሩ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጽፈዋል፤ ኩምሳ ጠየቀኝ፣ ምን ማለት እንደሆነ፤
እኔም አላወቅኩም።
ድንቄ አርፋለች። የሽመቤት አሁንም ትመጣለች፣
ፍየሏን ፈታ ለባለቤቷ ትሰጣለች፣
እጇን ትጭናለች፤ ሙሉውን መስመር ግን አትይዝም፣
ግማሹን ትታለች።

ድንጋዩን ያነሱት ይሆናል። ያ ወረቀት ግን ቤቴ ነው፣ ፍራሹ ስር።
የእርሳስ ጭረት ነው ያረፈበት፤ ከጭረቱ በታች፣ ወደ መስኮት ሲያዘነብሉት፣
ዋቅጅራ፣
ሰንበቶ፣
ይነበባል።