ከውስጥ የሚቆለፍ

ቁልፍ ሠሪ ነኝ እኔ፣ ግሪምስቢ ወደብ ዳር፤
ሠላሳ ዓመት ኖርኩኝ በብረትና በበር።
ሰው መክፈቻ ጠፍቶት በሌሊት ሲደውል፣
ሳጥኔን አንግቤ፣ ብርድ ዝናብ ሳልል።

ያ ግን አያኖርም።
የሚያኖረኝ ማክሰኞ ነው፤
ወረቀት የያዙ ሁለት ሰዎች ከፊት፣ እኔ ከኋላቸው።
ያንኳኳሉ። ይከፈታል። አንዳንዴም አይከፈት።
የኔ ድርሻ አሮጌውን ነቅሎ አዲሱን ማስገባት፤
ዐሥር ደቂቃ ነው፣ ዐሥራ ሁለት ቢበዛ፣
ብሎኑ ከዛገ፣ ወይ ሳንቃው ከወዛ።

«ምን አጥፍተው ነው?» ይሉኛል መጠጥ ቤት።
«ስካር ነው፣ ስንፍና» ብለው ራሳቸው ይመልሱታል፣
እኔ ያየሁትን ሳልናገር ብርጭቆዬ ያልቃል።

አንዲት ሴት አየሁ፣ ፖስታ መክፈት የፈራች፣
ደብዳቤውን ሁሉ በዳቦ ከረጢት ያጨቀች፤
ባሏ ሞቶ ኖሮ፣ ውሉ በእሱ ስም ነው፤
ሃያ ዓመት ያጠበችው ደረጃ የሰው ነው።

አንድ ልጅ አየሁ፣ ከማሳደጊያ የወጣ፣
«ዐሥራ ስምንት ሞላህ» ሲሉት ሻንጣ ይዞ የመጣ።
የመብራት ሂሳብ ማንበብ ያስተማረው የለም።
በአምስተኛው ወር እኔ በሩ ላይ ስደርስ
አልጋው ጫፍ ተቀምጦ ጫማውን ያስራል፤
«ይቅርታ» አለኝ።
እኔን፣ ይቅርታ።

ኔቪል ስታዘርስ ደግሞ፣
ሃያ ስድስት ክረምት ዓሣ ሲበልት ኖሮ፣
ወገቡ ነው የከዳው፤ ደመወዙም አብሮ።
ኪራይ ግን ይወጣል፤ ኪራይ ወገብ የለው፣
ጎንበስ አይልም፣ አይደክመው።
«ኮቴን» አለ ከደጅ። ገብቼ አመጣሁለት።
አዲሱን መክፈቻ ለባለ ወረቀቱ ሰጠሁት፤
ገንዘቤን ተቀበልኩ፤ ዳቦና ወተት ገዛሁበት።

ክረምቱን ሙሉ አየሁት፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጓሮ፣
ሙቅ አየር የሚተነፍስ የብረት ወንፊት ላይ አድሮ።
መንገዴን ቀየርኩ።
ሌላውም መንገድ ሰው ነበረው።

ከዚያ ግዌንዳ ክራክስፎርድ መጣች፤
ጡረተኛ አዋላጅ ናት፣ ምላሷ እንደ መቀስ፣
ምክር ቤቱን ስትወቅስ፣ ደጁን ስትመላለስ፣
በሦስተኛው ዓመት፣ መስኮታቸው በጣውላ የተመታ
ስድስት ባዶ ቤት አስለቀቀች፣ እዚያው ጀርባችን ያለ ቦታ።
ቧንቧ ሠሪው ቅዳሜውን ሰጠ፣ መስጊዱ ስድስት ምድጃ፣
የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች መጋረጃ፤
ተማሪዎች ግድግዳ ቀቡ፣ ከግድግዳው ይልቅ ራሳቸውን።
«መጠጥ ይተው፣ ሥራ ይያዙ፣ ቤቱ ከዚያ ይድረስ»
ያላትን የምክር ቤት ሰው እንዲህ አለችው፦
«መተንፈስ እስኪለምድ ብዬ
ሕፃን በእናቱ ሆድ አቆይቼ አላውቅም።
ይውጣና፣ ከዚያ ይተነፍሳል።»

እኔንም ጠራችኝ። «በነጻ ነው» አለች፤ ጥያቄ አልነበረም።

አራተኛው በር ላይ ኔቪል ቆሟል።
አወቀኝ። እጄን አየ፤ ፊቴን አላየም።
ብሎኑን ሳጠብቅ ትንፋሹ አንገቴ ላይ ነው።
«የዚህ መክፈቻ ስንት ሰው እጅ አለ?»
«ሁለት ነው። ሁለቱም ያንተ።»
ገባ፤ ዘጋ።
ቀጭ። ተከፈተ። ቀጭ። ተከፈተ። ቀጭ።
ሰባት ጊዜ ቆጠርኩ፣ ደረጃው ላይ ቆሜ።
ያን ድምፅ ዕድሜዬን ሰምቼዋለሁ፤
ከውጭ ነበር እንጂ የሰማሁት።

ግዌንዳ እንደምትለው፣ ወለሉ ላይ ነው የሚተኛ፣
ጫማውን ሳያወልቅ፣ አልጋው እንደ እንግዳ ተነጥፎ።
ሁለት ሌሊት ወደ ወንፊቱ ተመልሷል፤ ሁለቱንም ጊዜ
ሄዳ አልጎተተችውም፤ ሻይ ሰጥታው መጣች።
ልጁ ግን አልተገኘም።
ስድስተኛውን ቤት ለእሱ ብዬ ነበር፤ ሌላ ገባበት፣
እሱም የሚገባው።

ዛሬ ማክሰኞ ነው።
ሳጥኑ ደጃፉ ላይ፣ ብረቱ ዘይት ጠጥቶ።
ስልኩ ይጮኻል፤ የባለ ወረቀቶቹ ቁጥር ነው።
ተቀምጬ አየዋለሁ።
አሁንም ይጮኻል።