ያደረ መልስ

የክላክስቪክን ወደብ ጉም እየጋረዳት፣
የጀልባ መዝገቧን አንድ ሰርቨር ያዘላት።
ስክሪፕቱን ማርዩን ናት ቁጭ ብላ የጻፈችው፣
የገባውን ጀልባ በስሙ እንዲያወጣው።

ጠያቂ ሲበዛ፣ ቋቱ ማቃሰት ሲጀምር፣
ጨመረችበት አንዲት አጭር መስመር፦
«ያገኘኸውን መልስ አንድ ሰዓት አቆይ፤
ያንኑ ለጠየቀ ያንኑ አሳይ።»
ገጹ በረረ። አለቃዋ ቶርሞድ እንኳ ሳቀ፣
በዓመት አንዴ የሚስቀው።

ባሕሩ በተቆጣ ዕለት፣ ዘጠኝ ከሩብ ላይ፣
ሱንቫ «ሪታ» ብላ ጻፈች፣ የልጇን ጀልባ ስም።
«አልተገኘም።»
ሰርቨሩም ባዶውን እንደ እህል ከተተው፣
ሰዓት ጽፎ፣ ቆልፎ፣ ጎተራ አስገባው።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሪታ ደረሰች፣ ገመድ ተጣለ፤
ሱንቫ ብትጠይቅ «አልተገኘም» አለ።
ብትደግም፣ ያው።
ብትሠልስ፣ ያው።
ደግሞ አፈጣጠኑ! ጣቷ ሳይነሳ
ያደረው መልስ ትኩስ መስሎ ይቀርባል።

አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ።
ልጇ ገባ፣ ቅንድቡ ላይ ጨው ደርቆበት።
ስልኳን አዙራ አሳየችው፤
«የለህም ይላል» አለችው።

ማርዩን ይህን የሰማችው ዳቦ ቤት ተሰልፋ ነው።
ያን ማታ ሌላ መስመር ጨመረች፦
«ባዶ እጅህን ከተመለስክ፣ ባዶውን አታስቀምጥ።»
ለሱንቫ አልነገረቻትም።
ምን ብላ?