የማረፊያ ሽቦ

ቅዳሜ ገበያ፣ ከልባሽ ጨርቅ ክምር ሥር፣
ጥጉ በእርጥበት ያበጠ ካርቶን ነበር።
«አሻንጉሊት ናት፣ ሲስተር፤ ለልጅ ልጅ ትሆናለች።»
የልጅ ልጅ የለኝም። ቦርሳዬ ግን ተከፈተች።

ቤት ገብቼ ብዘረግፈው፣ ጎድን አጥንት ብቻ፤
አራት ክንፍ፣ አንድ ጅራት፣ ጎማዋ የምስር አቻ።
አብራሪው ጠፍቷል፤ ወንበሩ አለ፤
ከቋሚዎቹም አንዱ የለም፤ ገበያ ቀርቷል መሰለ።
መመሪያውን ከሰባት ቁጥር ወዲያ አይጥ ቀምሶታል፤
ሽቦው እንዴት እንደሚወጠር የሚለው ገጽ ሆዱ ገብቷል።
የቀረኝ የክዳኑ ሥዕል ነው፣ በቀኝ ጎኗ ስትበር፤
ግራዋን ሠዓሊው አላየም፣ ወይም አይቶ ዝም ብሎ ነበር።

ሐምሌ ነው። ጉሙ ከጎሃ ወርዶ ደጃፌ ላይ ተኛ፤
መብራት ከሄደ ሦስተኛ ቀኑ፤ በጧፍ ብርሃን ነን እኛ፣
እኔና እሷ።
ለጎደለው ቋሚ ስቴኪኒ ሞረድኩ፤
ለቀለሟ ከእህቴ የጥፍር ቀለም ለመንኩ።
ቀይ ብቻ ነበራት። እንግዲህ ቀይ ሆነች፤
«ለማን ልትድሪያት ነው?» ብላ እህቴ ሳቀች።

ለሽቦው፣ የተረፈውን ፕላስቲክ በጧፍ አሙቄ
ሁለቱን ጫፍ ሳብኩት፣ ትንፋሼን አምቄ፤
ከፀጉር ቀጠነ፣ ረዘመ፣
ሳስነጥስ ተበጠሰ።
ያኔ ነው መሳቢያው ትዝ ያለኝ፤
ጊዜው አልፎበት ሊጣል ሲል በኪሴ ያወጣሁት የዓይን ክር አለኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ኦፕራሲዮን ክፍል ቆሜ
ክር ሳቀብል ነው ያለቀው ዕድሜ።
ዶክተር ልዑልሰገድ ቀና ሳይል እጁን ይዘረጋል፤
«አራት ዜሮ» ሳይል ክሩ መዳፉ ላይ ይውላል።
ቋጠሮው የሱ ነበር፤ ማቀበል ብቻ የኔ፤
ፋሻ ሆድ ውስጥ እንዳይቀር መቁጠርም፣ እሱም የኔ።
አሁን ወረንጦ ይዤ የምቋጥረው ራሴ ነኝ፤
እጄ ይንቀጠቀጣል። ማንም አላየኝ።

አቶ አዛናው ከአዘዞ መጡ፣ የእግራቸውን ቁስል ላጥብላቸው፤
በጉብዝናቸው የአንበጣ መርጫ አውሮፕላን ማጠብ ነበር ሥራቸው።
እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዞሯት።
«ከሆዷ ወደ ላይ ክንፏ የምትወጣዋን፣ ይቺን አየሻት?
የመብረሪያ ሽቦ ናት፤ ሰማይ ላይ ክንፉ እንዳይሸሽ ትይዛለች፤
ከላይ ወደ ታች የምትወርደዋ፣ የማረፊያ ትባላለች፤
መሬት ላይ ክንፉ በገዛ ክብደቱ እንዳይዘም ታንጠለጥላለች።
አንዷ ስትሠራ አንዷ ትላላለች።
አንቺ ሁለቱንም ወጥረሻል።»
«እንዲያምር ብዬ» አልኩ።
«ያምራል» አሉ። «ውሸት ነው እንጂ፣ ያምራል።»

ቁስላቸውን አጠብኩ። ሄዱ።
ከመብረሪያዎቹ አንዷን፣ የግራዋን፣
ሠዓሊው ያላየውን፣
በመርፌ ጫፍ ላላ አደረግኋት።

ከዚያ ቆጠርኩ፣ እንደ ልማዴ፤
ሃያ አራት ቆርጫለሁ፤ ሃያ ሦስት አለ በእጄ።
ከጠረጴዛው ሥር፣ ከጧፉ ሰም ውስጥ፣ ከቀሚሴ እጥፋት ፈለግሁ፤
ቁጥር ሳይሞላ አይዘጋም፤ ስንቱን ሐኪም በዚህ አስቆምኩ።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይገርፋል።
አገኘሁት፤
አብራሪው በሌለበት ወንበር
ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

በወረንጦ ላነሣው አልኩና ተውኩት።
«ቁጥሩ ሞልቷል» አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣
ለማንም።