ፕላስተሯ

መኪናዬን ስገዛ ከዳንግላ ነጋዴ፣
"ችግር የለባትም" ነበር የሽያጩ ዘዴ።
ከፍጥነት መቁጠሪያው ሥር፣ የጣት ጥፍር የምታክል፣
ጥቁር ፕላስተር ነበረች፣ የሆነ ነገር የምትከልል።
አልጠየቅኩም። ሰው የሸፈነውን መግለጥ ነውር ይመስለኛል፤
ነርስ ነኝ፤ የሰው ፋሻ ስፈታ ቀኑ ይመሽብኛል።

ሁለት ዓመት ነዳሁ፣
ከቤት ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ቤት፣
ዘንባባው ሥር ከባጃጅ ጋር እየተጋፋሁ ዕለት በዕለት።
ቤንዚን ትጠጣለች፣ እንደ ሠርግ ቤት እንግዳ፤
ለወረታ ደርሶ መልስ፣ ግማሽ ደመወዜ ዕዳ።

ጋሽ አንሙት ነው፣ ሽምብጥ ጋራዡ ውስጥ፣
ጥፍሩን ሰዶ እንደ ደረቀ የቁስል ቅርፊት የላጣት፤
ከሥሯ ብርቱካን መብራት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ስታፈጥ አገኛት።
"ይህች ብልሽት አይደለችም" አለኝ፣ "መልእክት ናት፤
አራተኛው ማርሽ ተዘግቷል ትልሻለች፣ አንቺ አፍነሻት።"

እሑድ ለታ ወጣን። እህቴ ደብረ ታቦር ወልዳለች፤
ጤፉም ቅቤውም ከኋላ፣ መኪናዋ ጎንበስ ብላለች።
የአባይን ድልድይ እስክንሻገር "ተዪው፣ ተዘግቶ ይቆይ" አለ፣
"ባጃጅ እየቆመ እየሄደ፣ ለአራተኛ ማርሽ ጊዜ የት አለ?"

ዘንዘልማ አለፈ። ሐሙሲት። የጉማራ ድልድይ።
ከዚያ ፎገራ ተዘረጋ፤
ሩዙ ውኃ ውስጥ ቆሞ፣ ውኃው ውስጥ ሰማይ።
ሰማንያ ላይ ነን። ሞተሩ ይጮኻል፣ ለምጄዋለሁ፤
ጩኸት የጉልበት ምልክት ነው ብዬ አምኜ ኖሬያለሁ።
"አሁን" አለ ጋሽ አንሙት፣ "ከማርሹ ጎን፣ በአውራ ጣትሽ።
ቤንዚን አትጨምሪ። ዝም ብለሽ ስሚ። ትንሽ። ትንሽ።"

ተጫንኩት።

አንድ ትንፋሽ ቆየ። ከዚያ ሞተሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣
እንደ ተቆጣ ሰው፣ ለካ የነካው የለም፣ አፍሮ እንዳፈገፈገ።
የዙር መቁጠሪያው መርፌ ከሦስት ሺህ ወደ ሁለት ወረደ፤
ፍጥነቱ ግን ያው ሰማንያ፤ መንገዱ በራሱ ሄደ።

"አባቴ ከዘጌ እንጨት ያመላልስ ነበር" አለኝ፣ "በታንኳ፤
ከዳር ሲነሣ በዘንግ ይገፋል፣ ጉልበቱ እስኪንኳኳ።
መንሸራተት ስትጀምር ግን፣ ዘንጉን አውጥቶ ያስተኛዋል፤
ውኃ ተሸክሟት ሳለ የሚገፋን ሰው፣ ሐይቁ ራሱ ይታዘበዋል።
ኦቨርድራይቭ እሱ ነው። ሞተሩ ጥቂት ይዞራል፣ ዘንጉ ይበልጠዋል፤
የተጀመረ መንገድ፣ ከመጀመሪያው ያነሰ ጉልበት ይበቃዋል።"

ዓለም በር ላይ ዳገቱ ተነሣ።
መኪናዋ ታመነታ ጀመር፣ ከአራት ሦስት፣ ከሦስት አራት፣
ገበያ መሀል ቆማ ሂሳቧ እንደ ጠፋባት።
"ዝጊው!" አለ፣ "ዳገት ላይ፣ ጭነት ይዘሽ፣ መንሸራተት አይረዳሽ፤
ካምቢዮው ሲዋዥቅ ይግላል፣ ሲግል ዘይቱ ያራል፣
ሲያር እኔ ጋ ትመጫለሽ፤ እኔ ደግሞ በዋጋ አልምርሽ።"
ብርቱካኗ በራች። መኪናዋ ሦስተኛዋን ጨበጠች፤
ጮኸች፤ ይህን ጩኸት ወደድኩት፤ ለሥራ ነው የጮኸች።

ማታ ስንመለስ፣ ቁልቁለቱ ላይ አንድ አይሱዙ ቆሟል፤
ፍሬኑ ይጨሳል፣ ረዳቱ ድንጋይ ከጎማ ሥር ይደግፋል።
"እዚህም ይዘጋ" አለ፣ "ሞተሩ ይያዝሽ፤
ፍሬኑን ለክፉ ቀን አስቀምጪ።
ስሜ ራሱ ምክር ነው" ብሎ ሳቀ፤ "አንሙት! ቀስ ብለሽ አምልጪ።"

ፎገራ ላይ ተጫንኩት፤ ብርቱካኗ ጠፋች።
ጋሽ አንሙት እንቅልፍ ጣለው፤ ራሱ ወደ መስኮቱ፣ ኮፍያው ወደ እግሩ ወደቀች።
ተረኛ ሌሊቴን አሰብኩ፤ በሽተኛው ሁሉ ሲተኛ፣
ኮሪደሩ ሜዳ ሲሆን፣ እኔ ብቻ ስሮጥ፣ በሦስተኛ።
ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። የድልድዩ መብራት ታየ፤
ባጃጆቹ ተቀበሉን፤ አውራ ጣቴ ሳላዘው ለየ።

ፕላስተሯን አልጣልኳትም። አመድ መክተቻው ውስጥ አለች፤
አቧራ ይዛለች እንጂ፣ ብነካት፣ አሁንም ትጣበቃለች።